ወተት የምትንጥ መኪና

ሱሉልታ፣ ግንቦት 18 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለያደታ፣ ሻርጃ።

አካም ጅርታ ኢልማኮ፣ እንዴት ነህ ልጄ! የአረብ አገር ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔ አዳዳህ ጠጅቱ፣ ጉልበቴን ቆርጠም ከሚያደርገኝ በስተቀር፣ ዋቃዮ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። የአባትህ እህት ሆኜ፣ እናታችሁ ካረፈች ጀምሮ አንተንና ወንድምህን ዳዲን አሳድጌ፣ ዛሬ ወጋችን «ሃሎ፣ ሃሎ፣ አይሰማም» ሆኖ ቀረ። የሰበታዋ ራቢአ ልብስ ልታመጣ ወደ እናንተ ልትበር ነው ቢሉኝ ወረቀት ገዛሁ። በመሠረተ ትምህርት የተማረ እጅ ነውና ፊደሌን አይተህ እንዳትስቅ።

ነገሩ የዳዲ መኪና ነው። ያቺ ፒክአፕ ወተት መናጥ ጀምራልሃለች። ዳዲ ይሙት እውነቴን ነው! ከዚህ ጣሳ ሙሉ የወጣ ወተት አዲስ አበባ ሲደርስ ከክዳኑ ሥር ቅቤ ተጋግሮበት ይገኛል። ተረፈች የምትባለው ደንበኛችን ባለፈው «እኔ ያዘዝኩት ወተት ነው፤ አሬራ ስፈልግ እነግራችኋለሁ» ብላ መለሰችው። ዳዲ መንገዱ ነው ይላል። መንገዱማ ድሮም ይኸው መንገድ ነው! አጠገቡ ተቀምጬ አይቻታለሁ፤ ጉድጓድ ካለፈች በኋላ አርፋ አትቀመጥም፣ ገና ትዘላለች። ፍሬን ሲይዝ ደግሞ በአፍንጫዋ ትደፋለች። ቡራዩ ወስዶ ለአንድ መካኒክ ቢያሳያት ሰውየው ግራሶ ቀብቶ መለሰለት።

ያ የማስተር ፕላን ነገር «ቀረ» ከተባለ ወዲህም የሰው ልብ አልረጋም። የጓሯችን ድንጋይ ላይ የቀቡት ቀይ ቀለም እንዳለ ነው። መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። ሌላውን በወረቀት አልጽፈውም፤ ግድግዳም ጆሮ አለው። እኔን የሚያስፈራኝ ዳዲ በዚህ መንገድ፣ በዚህች መኪና መዋሉ ነው። ወንድምህን ታውቀዋለህ፤ ለጠራው ሁሉ አቤት ነው፣ እኔ ስናገር ግን ጆሮው ጥጥ ነው። አንተን ይሰማሃል። ምን እንደነካት ንገረን።

አዳዳህ ጠጅቱ


ሻርጃ፣ ሰኔ 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለአዳዳ ጠጅቱ፤

ጤናዎ እንደ ምኞቴ ይሁንልኝ። ራቢአ ደብዳቤዎን ስትሰጠኝ ጋራዡ ውስጥ መኪና ሥር ተኝቼ ነበር፤ እዚያው ጋደም እንዳልኩ አነበብኩት። «አሬራ» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ ቢያመልጠኝ ፓኪስታኒው አለቃዬ ያበድኩ መስሎት ጎንበስ ብሎ አየኝ።

ዳዲ አጠገብዎ ካለ ያንብቡለት። ወተቱን የሚንጠው መንገዱ አይደለም፣ የሞተ አሞርዛተር ነው። ከየጎማው አጠገብ የቆመ፣ ዘይት ያለበት ቱቦ አለ፤ ክብደት የሚሸከሙት ሞላና ባሌስትራ ሲነጥሩ «በቃ፣ ተረጋጉ» የሚላቸው እሱ ነው። እሱ ሲሞት ከልካይ ያጣሉ።

እርስዎ ራስዎ ሊፈትኗት ይችላሉ። ቆማ እያለች አንዱ ጥግ ላይ ሁለት እጅዎን ጥለው በሙሉ ክብደትዎ ይጫኑና በድንገት ይልቀቁ። ወርዳ፣ ወጥታ፣ ዝም ካለች ደህና ናት። ከዚያ ወዲያም ከተወዛወዘች ሞቷል ማለት ነው። ቱቦው ዘይት አፍስሶ እንደሆነ ይዩ። ራቅ ብለውም ይዩዋት፤ አንዱ ጎኗ ዘመም ካለ ባሌስትራው ደክሟል። ጎማዎቹን በመዳፍዎ ይዳብሱ፣ በአንድ ወገን ብቻ የተበላ ካለ ይጻፉልኝ። ከሁሉም ከሁሉም ግን፣ መሪው ሲዞር ከፊት ጎማ በኩል የሚንኳኳ ነገር መኖሩን ዳዲ ሬዲዮኑን ዘግቶ ያዳምጥ። ሬዲዮኑን ዘግቶ ብያለሁ!

ስለ መንገዱ የጻፉት አሳስቦኛል። ዳዲን አደራ።

ልጅዎ ያደታ


ሱሉልታ፣ ነሐሴ 8 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለዓይኔ ለያደታ፤

ከክረምቱ ጭቃ መሐል ሰላምታዬ ይድረስህ። ደብዳቤህ ሰበታ ራቢአ ቤት ሰንብቶ ነው የደረሰኝ። በሐምሌ ማለቂያ መንገዱ ሁሉ ድንጋይና የሚነድ ጎማ ነበር፤ እሷም ከቤት አልወጣች፣ እኔም። እዚህ ልቅሶ የተቀመጡ ቤቶች አሉ። የማን ቤት እንደሆነ ብጽፍ ታውቃቸዋለህ፣ ስለዚህ አልጽፍም። ሞት በወረቀት አይላክም፤ ስትመጣ በአፍ ይነገርሃል።

ያዘዝከኝን አደረግሁ። ነጠላዬን ጥዬ ጥጓ ላይ ተጫንኳት። ስለቃት ምን ልበልህ፣ እንደ ሚዜ ትዘላለች! ጎረቤቱ «ጠጅቱ ከመኪና ጋር ትግል ገጠመች» እያለ ሳቀብኝ። ቱቦው በዘይት ረጥቧል። በግራ በኩል ዘመም ብላለች። የፊቱ የግራ ጎማ ውስጥ ውስጡን ተበልቶ ሽቦው ሊወጣ ነው፤ ከውጭ ለሚያየው ግን ደህና ይመስላል።

ዳዲ ሬዲዮኑን ዘጋልህ፣ እየተነጫነጨ። መሪውን ሲያዞር እኔም ሰማሁት፤ ቋ፣ ቋ! ከመገጣጠሚያው የወለቀ አጥንት የሚለው ዓይነት። «ድሮም ይላል» አይለኝም? ድሮም የሚል ከሆነ ለምን አልነገረኝም? ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ እኔ ግን ለእሱ መከራ አልመኝም። ዳዲ ይሙት ያ ድምፅ አላማረኝም። ቶሎ ጻፍ።

አዳዳህ


ሻርጃ፣ ነሐሴ 26 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአዳዳ ጠጅቱ፤

ሰላምታዬ እጥፍ ድርብ ነው፤ ዛሬ ግን ወግ አላበዛም። መኪናዋን አቁሙ። ይህ ወረቀት ከደረሳችሁ ሰዓት ጀምሮ አትንቀሳቀስ።

አሞርዛተሩ ቢሞት ወተት ነው የሚበላሸው። ያ «ቋ» የሚለው ግን ሌላ ነው። የፊቱን ጎማ ከመኪናዋ ጋር የሚያያይዝ መጋጠሚያ አለ፣ እንደ ሰው ዳሌ ኳሱ በጎድጓዳው ውስጥ የሚዞር። እሱ ሲያልቅ መጀመሪያ ይንኳኳል፣ ቀጥሎ ጎማ ያስበላል፣ በመጨረሻ አንድ ቀን ድንጋይ ሲመታ ይነቀልና ጎማው ወደ ጎን ይተኛል። ያን ጊዜ መሪም የለ፣ ፍሬንም የለ። እንዲህ የሆኑ መኪኖች እዚህ ተጎትተው ሲመጡ አይቻለሁ፤ ነጂዎቻቸው አብረው አይመጡም።

ዳዲ፣ ወንድሜ፣ ስማኝ። በቀስታ እነዳለሁ አትበለኝ፤ ድንጋይ በተበተነበት መንገድ ቀስታ አያድንም። ቁልፉን ለአዳዳ ስጣቸው። መጋጠሚያውንም አሞርዛተሩንም ደህናውን ፈልጌ በራቢአ እልካለሁ። እስከዚያ ወተቱ በአህያ ይሂድ።

ያደታ


ሱሉልታ፣ መስከረም 6 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለያደታ፣ ለቤታችን ምሰሶ፤

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረህ! አደይ አበባው ሜዳውን ሞልቶታል፣ የሰዉ ፊት ግን ገና አልፈካም። ደብዳቤህ በደረሰ ዕለት ዳዲን ፊት ለፊቴ አቁሜ አነበብኩለት። ቁልፉን አውጥቶ እንደ ወረወረልኝ ከመቀነቴ ጫፍ ቋጥሬዋለሁ፤ ይኸው ስራመድ ቅጭል ቅጭል ይላል፣ ሙሽራ መሰልኩልህ።

ዳዲ መጀመሪያ አኮረፈ፣ ከዚያ ራሱ ሳቀ። ወተቱን በአህያ እስከ አስፋልቱ ያወርድና በሌላ ሰው መኪና ይጭናል። ያሳዘነው ወተቱ እንዳይመስልህ። በዚህ ሰፈር ምጥ የያዛትም፣ የታመመም የሚጠራው እሱን ነበር፤ አሁን ሰው መጥቶ ሲጠራው «ተበላሽታለች» ማለቱ ያሳፍረዋል። ትናንት ደግሞ «ጎማዋ ቆሞ እንዳይበሰብስ ድንጋይ ላይ ላውጣት» ቢለኝ ጮኽኩበት። ድንጋይ ላይ የሚወጣው ባለቤቱ የሄደበት መኪና ነው! ሟርት አልወድም፣ ዳዲ ይሙት አልወድም።

ዕቃውን አፋጥን። ከታች የሞነጫጨረው እሱ ነው።

አዳዳህ

«ያደታ፣ ዳዲ ነኝ። ሻርጃ ቁጭ ብለህ እግር ብረት አስገባኸኝ። አዳዳ ቁልፉን ታቅፈው ነው የሚተኙት። ዕቃውን ቶሎ ላክ፣ ከአህያዋ ጋር ማውራት ጀምሬአለሁ። እሺ ብያለሁ፣ አልነዳም።»


ሻርጃ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለአዳዳ ጠጅቱ፤

በምን ሰላምታ እንደምጀምር ጠፍቶኛል። ከኢሬቻው በዓል ወዲህ የምሰማው ሁሉ እንቅልፍ ነስቶኛል። ሰበታ ፋብሪካ ተቃጠለ ይላሉ፣ ቡራዩ መንገድ ተዘጋ ይላሉ፣ ሱሉልታንም ያነሳሉ። ኢንተርኔቱ ጠፍቷል። የእርስዎ ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። የዳዲ ጭራሽ ዝግ ነው። ምን ሆናችሁ?

ራቢአ ነገ ትበራለች። መጋጠሚያውና ሁለቱ አሞርዛተሮች ከእሷ ጋር ናቸው። ዳዲ መጀመሪያ መጋጠሚያውን ይሰር፤ ሳይታሰር እንዳያስነሳት። ሁሉም ከታሰረ በኋላ እርስዎ እንደ በፊቱ ጥጓ ላይ ተጭነው እንዴት እንደሆነች ይንገሩኝ። ዳዲም እንደ ባለፈው ከታች ይሞነጫጭር። «ደህና ነን» የምትል አንድ መስመር ትበቃኛለች።

ያደታ


ሱሉልታ፣ ኅዳር 20 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለያደታ፤

እንደምን ሰንብተሃል። እኛ ደህና ነን። ስልኬ ውሃ ውስጥ ወድቆ ተበላሽቶ ነው ያላነሳሁልህ። ዕቃው ደርሷል። ዳዲ ተቀብሎ አስሮታል፣ በጣም ደስ ብሎታል። ሥራ በዝቶበት ነው በእጁ ያልጻፈልህ፤ ሰላም በልልኝ ብሏል። መኪናዋ ደህና ትሄዳለች።

ባልከው መሠረት ዛሬ ጠዋት ወጥቼ ተጫንኳት። አልወርድም አለችኝ። በአራቱም ጥግ ሞከርኳት፣ ንቅንቅ የለም። አዲሱ ዕቃ ጠንካራ ነው መሰለኝ። ስጫናት ያቺ ቀይዋ ዶሮ ተቆጥታ ከሥሯ ወጣች። እዚያ ታቅፋ ጫጩት ፈልፍላለች፣ ሲያምሩ።

እዮብ የሚባል ግንበኛ አሁን ከእኔ ጋር ይኖራል። ከወላይታ ለሥራ የመጣ ነው፣ ጴንጤ ነው፣ ማታ ማታ ይዘምርልኛል። እግሩን ያመዋል እንጂ መልካም ሰው ነው። ላሞቹን የሚያየው እሱ ነው።

ማርያምን ስልህ ለእኛ አታስብ። ራስህን ጠብቅ፣ ውሃ ጠጣ።

ጠጅቱ


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለአዳዳ ጠጅቱ፤

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልኝ። ደብዳቤዎን አንብቤ አጠፍኩት፣ ደግሜ ዘረጋሁት፣ ሥራ ላይ ኪሴ ውስጥ ይዤው ዋልኩ።

አዳዳ፣ አዲስ አሞርዛተር የታሰረላት መኪና ሲጫኗት ትወርዳለች። ወርዳ በጨዋነት ትመለሳለች። ጭራሽ የማትወርደው ሻንሲዋ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ መኪና ብቻ ናት። ዶሮ ደግሞ ሦስት ሳምንት ነው የምትታቀፈው፤ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። በየቀኑ ከምትነሳ መኪና ሥር ዶሮ አትፈለፍልም።

ድንጋይ ላይ የሚወጣው ባለቤቱ የሄደበት መኪና ነው ብለው ዳዲን የጮኹበትም እርስዎ ነዎት። ላሞቹን ሌላ ሰው ለምን ያያል? ዳዲ የት ሄዶ?

አንድ ነገር ደግሞ አለ። እርስዎ «ዳዲ ይሙት» ሳይሉ የውሎዎን ወሬ ጨርሰው አያውቁም። በዚህኛው ላይ በማርያም ማሉ።

ታስሮ ነው? ታስሮ ነው ይበሉኝ እባክዎ። ግን ታስሮ ቢሆን አይደብቁኝም፤ ስንቅ ስለማቀበሉ፣ ስለ ዘበኞቹ ክፋት ይጽፉልኝ ነበር። በእኛ ወግ ምን እንደሚደበቅ አውቃለሁ። መርዶዬን አይያዙብኝ አዳዳ። ሳላለቅስለት እየሠራሁ፣ እየበላሁ ከሆነ ይህ ግፍ ነው።

ያደታ


ሱሉልታ፣ ጥር 25 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣ ለቀረኝ ለያደታ፤

ይህን ወረቀት የምትይዘው ራቢአና የአገራችን ሰዎች ሳይነጋ በርህን አንኳኩተው፣ አጠገብህ ተቀምጠው፣ ነግረውህ፣ አብረውህ አልቅሰው ነው። እሷን በልጆቿ አስምያታለሁ፤ መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ወረቀት። በባዕድ አገር ብቻህን፣ መኪና ሥር እንደተኛህ እንዳታነበው ብዬ ነው የዋሸሁህ። ስልኩም ውሃ አልነካውም፤ ድምፄ እንዳያሳብቅብኝ ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል አሉ፣ ይኸው አለቀብኝ።

መስከረም 25 ቀን ነው። ከጠዋት ጀምሮ መንገዱ ተዘግቶ ተኩስ ይሰማ ነበር። እዮብን ሰዎች በበር ሳንቃ ተሸክመው ግቢያችን አስገቡት። ከሚሠራበት ሕንፃ ወደ ቤቱ ሲሮጥ ጭኑን ተመቶ ነው። ማን እንደመታው እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። ደሙ ሳንቃውን አልፎ መሬት ይንጠባጠባል። አምቡላንስ የለ፤ መኪና ያለው ሁሉ መኪናውን ደብቋል። «ዳዲ የታለ?» አሉ። ዳዲ ወደ እኔ መጣና እጁን ዘረጋ። ዓይኑን አየሁት። ሰውየው በአገሩ ቋንቋ እናቱን ይጠራል። ከመቀነቴ ፈትቼ ሰጠሁት፤ ምን ላደርግ ኖሯል ያደታ?

አደረሰው እኮ! ያን ሁሉ ድንጋይ እየዞረ፣ በየኬላው እየለመነ ሐኪም ቤት አስገባው። ጥቂት ቢቆይ አይተርፍም ነበር አሉ። ሲመለስ ነው፣ ብቻውን፣ ከጋራው ቁልቁል ሲወርድ። አንተ እንደጻፍከው ነው የሆነው፤ ጎማው ተኛ፣ መኪናዋ ቦዩ ውስጥ ተገለበጠች። ሳይሠቃይ ነው አሉኝ። ለእኔ ብለው ይሆናል፤ አምኛቸዋለሁ። ከእናታችሁ ጎን ነው ያረፈው።

እዮብ ሲሻለው እያነከሰ መጣና እግሬ ላይ ወደቀ። ሂድ ብዬው ነበር፣ አልሄድም አለ። መኪናዋን ያስጎተተው፣ ድንጋይ ላይ ያወጣትም እሱ ነው፤ «እማማ፣ የተረፉት ጎማዎች እንኳ አይበስብሱ» ብሎ። አልጮኽኩበትም። ባለቤቷ ሄዷላ።

ለምን ወጥተው ተጫኗት ትለኝ ይሆናል። ያን ሁሉ ውሸት ስጽፍልህ አንዲት እውነት እንኳ ትግባበት ብዬ ነው። እሷው አጋለጠችኝ። አንተ የላክኸው ዕቃ ከነካርቶኑ ከዳዲ አልጋ ሥር ነው፣ አልተነካም።

አንድ ቀረኝ። ሞተሩን አስነስቶ ከበሩ ሊወጣ ሲል አንገቱን በመስኮት አወጣ። እንደ ልማዱ ሳቅ ብሎ «አዳዳ፣ እንደነዳሁ ለያደታ እንዳይነግሩት፣ ይቆጣኛል» አለኝ። ከአፉ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። ቃሉን ጠብቄ አልነገርኩህም። እስከቻልኩ ድረስ አልነገርኩህም ልጄ።

አዳዳህ


ሻርጃ፣ የካቲት 20 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእናቴ ለአዳዳ ጠጅቱ፤

እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እኔንም ያጽናኝ። እንዳሉት ሳይነጋ መጡ። በሩን ከፈትኩላቸው። ራቢአ ሙሉ ቀን አጠገቤ ዋለች። ፓኪስታኒው አለቃዬ እንኳ መጥቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ፈቃድ ሰጥተውኛል። እስከዚያ መኪናዋን ማንም ከድንጋዩ አያውርዳት። እኔ ነኝ የማወርዳት። መጋጠሚያውን በእጄ አስራለሁ፣ ከዚያ አሞርዛተሩን። ጣራዋ ቢጨራመትም ይቃናል። እዮብ እግሩ ከዳነ መንዳት ይማር፤ በዚያ ሰፈር ምጥ የያዛት ሴት ማንን ትጠራለች? ዶሮዋን ሌላ ቦታ ያልምዷት።

ቁልፉን ስለፈቱለት አንድ ቀን እንኳ ራስዎን እንዳይወቅሱ። እዚያ ብኖር ኖሮ እኔም እጄን እዘረጋ ነበር፣ ለእኔም ይፈቱልኝ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መቃብሩ ጋ ጎራ ይበሉልኝ። እንደነዳህ ያደታ ሰምቷል ይበሉት። አልተቆጣም ይበሉልኝ።

ያደታ